ልጅና ጭፈራ የማይበዛበት መርከብ ለእናትና ለአባቴ፦ የምታውቁ ምከሩኝ

ጠያቂ፦ ሰዓዳ ዘሙጋድ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደሴ ነው።

አባባ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ 71 ዓመታቸው ነው። ስንቱን ተማሪ ስለ ባሕርና ወደብ ሲያስተምሩ ኖረው እሳቸው ባሕር በዓይናቸው አላዩም። እማማ 66 ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቨርጂኒያ ያለችው ታላቅ እህቴ ልትወስዳቸው ነው፤ ቪዛውም ተመቶላቸዋል። እዚያ ሲደርሱ ከማያሚ ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ የ4 ቀን መርከብ ላሳፍራቸው ብላ ማስታወቂያውን ላከችልኝና «አንቺ አብረሻቸው ነሽ፣ ጠባያቸውን ታውቂያለሽ፣ ምረጪላቸው» አለችኝ።

ፎቶውን ሳየው ደነገጥኩ። የሕፃናት መንሸራተቻ፣ መጠጥ የያዘ ወጣት፣ ዲጄ። እኛ ቤት ከኢሻ በኋላ ቴሌቪዥን እንኳ ይቀነሳል። ሰፈር ውስጥ የሠርግ ድንኳን ተተክሎ ሞንታርቦ ሲመጣ እማማ ራሳቸውን ይዘው ኮምቦልቻ እህታቸው ቤት ይሄዳሉ፤ ያውም ሐረጎን ሲወርዱ ጥምዝምዙ ስለሚያዞራቸው ፌስታል ይዘው።

ጸጥ ያለ፣ ልጅ የማይተራመስበት፣ ሰካራም የማያጋጥምበት መርከብ አለ? በምን ይታወቃል? ወይስ ጭራሽ ይቅር ልበላት?

የጦሳ ልጅ፦

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ አራት ጊዜ ተሳፍሬያለሁ። አይቅር፣ ያንን የ4 ቀኑን ግን ተይው። ከፍሎሪዳ ለ3 እና ለ4 ቀን የሚወጡት መርከቦች ርካሽ ስለሆኑ ቅዳሜና እሁድን ለመጨፈር የሚመጣ ወጣት ነው የሚሞላቸው። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ተሳፋሪው በዕድሜ ይገፋል። 10 እና 14 ቀን የሚሄደው ላይ ሥራ የሚጠብቀው ወጣትም፣ ትምህርት ቤት የሚጠብቀው ልጅም አይገኝም፤ አብዛኛው ጡረተኛ ነው።

ሁለተኛው ወቅት ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ከግንቦት መጨረሻና ከሰኔ ጀምሮ እስከ ነሐሴ ነው፤ በዚያ ጊዜ መርከቡ የልጅ ነው። መጋቢት ላይ ደግሞ የኮሌጅ ተማሪ ዕረፍት ወጥቶ ፍሎሪዳን ያጥለቀልቃታል። መስከረምና ጥቅምት ረጭ ይላል፣ ግን ካሪቢያን ላይ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ መርከቡ አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል። በፈረንጅ ገናና በአዲስ ዓመታቸው ሰሞን አትሞክሪው።

ሦስተኛው ድርጅቱ ነው። ካርኒቫል ራሱን «ፈን ሺፕ»፣ የፈንጠዝያ መርከብ፣ እያለ ነው የሚያስተዋውቀው፤ ለእናትሽ አይሆንም። ሆላንድ አሜሪካ ላይ ዕድሜው የገፋ ሰው ይበዛል። ቫይኪንግ ከ18 ዓመት በታች አያሳፍርም፣ ካዚኖም የለውም፣ የውቅያኖስ መርከቦቹ 1,000 ሰው እንኳ አይጭኑም፤ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል። «አዋቂ ብቻ» የሚለው ቃል ደግሞ እንዳያታልልሽ። ቨርጂን ቮያጅስም ልጅ አያሳፍርም፣ ሌሊቱ ግን ጭፈራ ነው። ልጅ የለም ማለት ጸጥታ አለ ማለት አይደለም።

መርከበኛው ከኮምቦልቻ፦

ስድስት ዓመት መርከብ ላይ በክፍል አስተናጋጅነት ሠርቻለሁ፣ አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ወንድሜ ከላይ ያለው ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው የክፍሉን ነገር ነው። ጸጥተኛ የተባለ መርከብ ላይም ክፍሉ መጥፎ ቦታ ከሆነ እንቅልፍ የለም።

የመርከቡን የፎቆች ካርታ ድርጅቶቹ በየድረ ገጻቸው ያወጡታል። ከክፍሉ በላይም ከክፍሉ በታችም ሌላ መኝታ ክፍል ይሁን። በላዩ መዋኛ ገንዳ ያለው ፎቅ ከሆነ ሠራተኛው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወንበር ሲጎትት ይሰማል። እኔው ራሴ ጎትቻለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት እንቅልፍ አጥተው የሚያማርሩ ሽማግሌዎች ፊታቸው አሁንም ትዝ ይለኛል። በሥሩ ቲያትር ወይም ዲስኮ ከሆነ ደግሞ ባሱ አልጋውን ያንቀጠቅጠዋል። ወደ ፊት ጫፍ ከሆነ መልሕቁ ሲወርድ ሰንሰለቱ ቤት የፈረሰ ያስመስለዋል። በር ከፍቶ ወደ ጎረቤት ክፍል የሚያስገባ ክፍልም አይያዝ፤ እሱን የሚይዘው ባለ ልጅ ቤተሰብ ነው፣ ድምፁም በበሩ ያልፋል።

ለእናትሽ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ የመርከቡ ወገብ ላይ፣ ከአሳንሰሩ ጥቂት ራቅ ያለ ክፍል ያዙ። ወገቡ ላይ መናወጡ ይቀንሳል። ሐረጎ የሚያዞረው ሰው ጫፍ ላይ መተኛት የለበትም።

መርከቡ በገዘፈ ቁጥርም ግርግሩ ያይላል። በፈረንጅ 2024 ሥራ የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ተቆጥሮ ብቻ ከ5,600 በላይ መንገደኛ ይጭናል። ለቁርስ ሲሰለፉ አስቢው።

ስለ ምግብ፦ ሐላል ቀድሞ ሲጠየቅ የሚያዘጋጁ አሉ፣ ግን ቲኬት ሲቆረጥ በጽሑፍ ይጠየቅ። መርከቡ ላይ ወጥቶ መጠየቅ አይሠራም።

ፒያሳ ቲኬት ቢሮ፦

እህቴ፣ ሁሉም ከመከፈሉ በፊት አንድ ነገር እይልኝ። የወላጆችሽ ቪዛ ላይ «ኢንትሪስ» ከሚለው ሥር ምን ተጽፏል? «ኤም» ከሆነ ብዙ ጊዜ መግባት ይችላሉ። «ዋን» ከሆነ አንዴ ብቻ ነው። መርከቡ ባሃማስ ደርሶ ማያሚ ሲመለስ ለእነሱ እንደገና አሜሪካ መግባት ነው። ባሃማስ ራሷስ ቪዛ ትጠይቃቸው እንደሆነ ታይቷል?

ሰዓዳ ዘሙጋድ፦

አሁን ፓስፖርታቸውን ከሳጥን አስወጥቼ አየሁት። ሁለቱም «ዋን» ነው የሚለው። እህቴም አላየችውም ነበር። አላህ ይስጥህ፣ ገንዘቡን ልትከፍል ነበር። ከአሜሪካ የማይወጣ መርከብስ የለም? አላስካ ሲባል እሰማለሁ።

መርከበኛው ከኮምቦልቻ፦

አላስካ ውብ ነው፣ ጸጥታም አለው፣ ግን ትልልቆቹ መርከቦች ካናዳ መንካታቸው አይቀርም። ምክንያቱ በፈረንጅ 1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው፦ የውጭ አገር ባንዲራ የያዘ መርከብ ሌላ አገር ወደብ ሳይነካ ከአሜሪካ ከተማ ወደ አሜሪካ ከተማ መንገደኛ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ የባሃማስ፣ የፓናማና የመሳሰሉትን አገሮች ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት። የአሜሪካ ባንዲራ ያለው ትልቅ መርከብ «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» ነው፣ ከሆኖሉሉ ተነስቶ የሃዋይን ደሴቶች በ7 ቀን ይዞራል። ከቨርጂኒያ ሃዋይ ግን የአውሮፕላኑ መንገድ ብቻውን ለጉልበት ሕመምተኛ ቅጣት ነው። እኔ አልመክርም።

የሐይቅ ልጅ፦

እኔ ግን ለምን እንዲህ ይደክማሉ እላለሁ። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ነው። በማለዳ ጀልባ ተከራይታችሁ ውሃው ላይ ብትውሉ ከዚያ በላይ ጸጥታ የት ይገኛል? ቢያንስ እማማን ውሃ ያዞራቸው እንደሆነ በእሱ ሞክሩት።

ዛኪር ከሰኞ ገበያ፦

የሐይቁ ሙከራ ደህና ሐሳብ ነው፣ ግን አባባ መርከብ ነው የናፈቁት። እኔ እናቴን ይዤ ግብፅ ሄጃለሁ፣ በአባይ ወንዝ ላይ በመርከብ ከሉክሶር አስዋን። ከልቤ የምመክረው እሱን ነው። እህትሽ ከአሜሪካ ካይሮ ትምጣ፣ እናንተ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ካይሮ። የግብፅን ቪዛ ቀድማችሁ ያዙ።

ወንዝ ስለሆነ ማዕበል የለም፤ የእኔ እናት ሻይዋ ከስኒው አልፈሰሰባትም። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሉክሶር ሲነሱ ብዙውን ጊዜ 4 ሌሊት፣ ከአስዋን ሲመለሱ 3። ምግቡ ሐላል መሆኑ አያሳስብም፣ አዛን ከዳር ዳር ይሰማል። አባባ ደግሞ ጂኦግራፊ ካስተማሩ ቦርከና ወደ አዋሽ፣ በሽሎ ወደ አባይ እንደሚሄድ ከማንም በላይ ያውቁታል። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከእኛ አገር የሄደ ነው። የበሽሎን ውሃ እዚያ ማዶ ሲያዩት አስቢ! እናቴ እጇን ነክራ ዝም ብላ ቆየች።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። ተራዎቹ መርከቦች ወደብ ላይ እንደ መናኸሪያ አውቶቡስ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ነው የሚቆሙት። መስኮትሽን ስትከፍቺ የጎረቤት መርከብ ግድግዳ ይሆናል፣ ጄኔሬተሩም ይጮሃል፤ ለመውረድ በሌላ መርከብ ሳሎን ማለፍ አለ። አንድ ምሽት የጀለቢያ ጭፈራ ያዘጋጃሉ፤ የሚሄድ ይሄዳል፣ ክፍላችሁ ከሳሎኑ ራቅ ካለ ችግር የለውም።

ይህን የማይፈልግ ዳሃቢያ ይያዝ። በሸራ የሚሄድ የድሮ ዓይነት ጀልባ ነው፣ ነፋስ ሲጠፋ ሌላ ጀልባ ይጎትተዋል። የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው፣ ትልልቁ በማይቆምበት ትንሽ ዳርቻ ያድራል፣ ሌሊቱን የሚሰማው የውሃው ድምፅ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሲወርዱም በሳንቃ ነው፤ ሠራተኞቹ እጅ ይዘው ያወርዳሉ። ለእናንተ እኔ ዳሃቢያን እመርጣለሁ።

ጊዜው ኅዳር ይሁን። በጋቸው ላይ አስዋን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከደሴ ብርድ ለወጣ ሰው አይቻልም። ከታኅሣሥ አጋማሽ የፈረንጅ በዓል ይገባል፣ ጥር መጨረሻ ላይ ደግሞ የግብፅ ተማሪዎች ዕረፍት ነው፣ ሉክሶርና አስዋን በልጅ ይሞላሉ።

ሲስተር ዘቦርከና፦

ነርስ ነኝ። ከኢትዮጵያ ግብፅ ለሚገባ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። የካርዱ ጉዳይ ግን ለወላጆችሽ ቀላል አይደለም፤ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ክትባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ከወጣት ይበልጣል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ አታስወጓቸው፤ መጀመሪያ ሐኪም ያያቸው፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ንገሩት። ከተከተቡም ካርዱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩት። የደም ግፊት መድኃኒት ካለ በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

ሰዓዳ ዘሙጋድ፦

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ለአባባ የበሽሎን ነገር ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ከዚያ አትላሳቸውን አውጥተው ሉክሶርን ፈለጉ። እህቴም ተስማምታለች፤ የአሜሪካው ጉብኝት ያለ መርከብ ይሆናል፣ መርከቡ በኅዳር ዳሃቢያ። ሐኪም ዘንድ ማክሰኞ እንወስዳቸዋለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ክፍል ሲመረጥ የቀኝና የግራ ልዩነት አለው? እማማ የከሰዓት ፀሐይ አይችሉም።

ዛኪር ከሰኞ ገበያ፦

አለው። ወደ አስዋን ስትሄዱ ፊታችሁ ወደ ደቡብ ነው፣ ስለዚህ የከሰዓት ፀሐይ በቀኝ በኩል ነው የሚመታው። የግራውን ክፍል ያዙላቸው።