ትንሿ ቲለር መሬት ላይ ትዘላለች፣ ወደ ታች አልገባ አለች

አባ ጎመን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጎመንና ለቃሪያ የሚሆን 10 በ20 ጫማ ቦታ ከሣሩ ላይ ለመክፈት ያገለገለች ቲለር (በሞተር የሚዞር ጥርስ ያላት የእጅ ማረሻ) ገዛሁ። ቱ ስትሮክ ናት (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላባት)፣ 9 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ የምታርሰው ስፋት 9 ኢንች ነው። አፈሩ ያው የምታውቁት የቨርጂኒያ ቀይ ሸክላ ነው። ላይ ላዩን እየዘለለች ከ2 ኢንች በታች አትገባም፤ ሣሩ ጥርሷ ላይ ይጠመጠማል፤ ሞቅ ስትል ደግሞ ትጠፋለች። ችግሩ ከማሽኗ ነው ከአያያዜ?

ካንዴላ፦
ወንድሜ፣ ከሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ጥርሶቹን እይ። የሾለው ጫፍ ወደሚዞርበት አቅጣጫ መቅደም አለበት። በብዙዎቹ ትንንሽ ቲለሮች ጥርሱ ተገልብጦ ሲገጠም ላይ ላዩን አረም እንዲፍቅ ተብሎ ነው የተሠራው፤ ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ የቀድሞው ባለቤት እንደዚያው ትቶት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አያያዝ። ወደ ፊት ከገፋሃት በጥርሷ እየተራመደች ታመልጥሃለች። ወደ ኋላ ሳባት፣ በዝግታ፤ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስትላት ራሷ ትሰምጣለች። በመጀመሪያው ዙር 2 ወይም 3 ኢንች ይበቃል፣ ሁለተኛውን አግድም እረሰው፣ ከዚያ እየጠለቅክ ሂድ። እጀታውን በጉልበት መጫን ትርፉ የወገብ ሕመም ነው።

ሞቆ መጥፋቱን እንዲህ ፈትሸው፦ እንደጠፋች የታንኩን ክዳን ላላ አድርገህ አስነሳት። ከሠራች የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካልሠራች ታንኩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ፊልትሮ ቀይር፤ ማርሚታው መውጫ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም አውጥተህ ካርቦኗን በብሩሽ አጽዳ። ከባለፈው ዓመት የተረፈ ቤንዚን ካለ ድፋው፣ ኢታኖል ያለበት ሲቆይ ካርቡራተሩን ይደፍናል። የቤንዚንና የዘይቱ ድብልቅ 50 ለ 1 ከሆነ ለ1 ጋሎን 2.6 አውንስ የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። የመኪና ዘይት አይሆንም።

ሰርዶ ነቃይ፦
ሣር ላይ ቲለር አይገባም! ሣሩን ከነሥሩ 2 ኢንች ያህል በጠፍጣፋ አካፋ ገፈህ አንሳ። በተለይ ሰርዶ ከሆነ ቲለሩ የሚቆራርጠው እያንዳንዱ አንጓ አዲስ ሰርዶ ያበቅልልሃል።

የተጠመጠመውን ስታወጣ ሞተሩን አጥፍተህ የካንዴላውን ገመድ ንቀል። ፒኑን አውጥተህ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ሳበው፤ በጥርሱና በማርሽ ቤቱ መካከል የገባ ሣር ኦይል ሲሉን (ግሪሱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ) እየበላ ግሪሱን ያፈስሰዋል። ይሄ ከውጭ አይታይም።

ደግሞ 811 ደውለሃል (ከመቆፈር በፊት የመሬት ውስጥ መስመሮችን ለማስመልከት የሚደወልበት ቁጥር)? በነጻ ነው፣ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀድመህ ደውል። የጋዝና የመብራት መስመር መጥተው ምልክት ያደርጉልሃል። የራስህን የውሃ መርጫ ቱቦ ግን እነሱ አያሳዩህም።

ጥቁር አፈር፦
ስለ አፈሩ ማንም አላነሳም። ሸክላ ደርቆ ከሆነ ማንኛዋም ቀላል ቲለር ትዘላለች፤ እርጥብ ሆኖ ከታረሰ ደግሞ ጓሉ ደርቆ ጡብ ይሆናል። ከ4 ኢንች ጥልቀት አንድ እፍኝ ዝገንና ጨብጠው፣ ከዚያ በአውራ ጣትህ ተጫነው። ከፈረሰ እረስ፤ ከተለጠጠና ካንጸባረቀ ጠብቅ። ደረቅ ከሆነ በደንብ አጠጥተህ ሁለት ሦስት ቀን ተወው።

ካንዴላ እየጠለቅክ ሂድ ማለቱ ልክ ነው፣ ግን ለሸክላ 6 ኢንች ይበቃል። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት መፍጨት ከሥር ውሃ የማያሳልፍ ጠጣር ንጣፍ ይፈጥራል። እኔ ቲለርን የምመክረው መደቡን ለመክፈት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኮምፖስት ከላይ ማልበስ ይሻላል።

አባ ጎመን፦
ጥርሱ እውነትም ተገልብጧል። አሸዋ ብጨምርበትስ?

ጥቁር አፈር፦
አሸዋ አታስገባ፣ ጥቂት አሸዋ ሸክላውን ይባስ ያጠነክረዋል። ኮምፖስት 2 ኢንች አልብሰህ በመጨረሻው ዙር ቀላቅለው። ለአንተ ቦታ 1 ከሩብ ኪዩቢክ ያርድ ያህል ይፈጃል፤ በከረጢት ከምትገዛ በጭነት አስመጣ።