ተፈጥሮ መሃል መዋል እውነት ውስጥን ያሳርፋል?

ጥያቄው፦ አእምሮው የተወጠረ ሰው ጫካ ወጥቶ ቢውል እውነት ይረጋጋል? እንጦጦን ለምሳሌ ያዙ። በዛፍ ስም የተጠሩ ሦስት ተከራካሪዎች ይመልሳሉ።

ዝግባ፦ ይረጋጋል፤ ግን መጠን አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ በ20,000 ገደማ ሰዎች ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት፣ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚቆዩት «ጤናዬም ኑሮዬም ደህና ነው» የማለት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በአንዴ ይሁን ተከፋፍሎ ልዩነት አላመጣም።

ኮሶ፦ ምክንያትና ውጤቱ የተገለበጠ ቢሆንስ? የታመመና የተጨነቀ ሰው መጀመሪያውኑ ከቤት አይወጣም። ደግሞ ያረጋጋው ዛፉ ሳይሆን እግር ጉዞው ሊሆን ይችላል።

ዝግባ፦ ለጉዞው መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 38 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው 90 ደቂቃ አስኬዱ፤ ግማሹን ሣርና ዛፍ ባለበት፣ ግማሹን መኪና በሚበዛበት ጎዳና። አንድን ሐሳብ ደጋግሞ ማመንዠክ የቀነሰው ዛፍ ባለበት በሄዱት ብቻ ነው።

ኮሶ፦ 38 ሰው ጥቂት ነው፤ የተለካውም ወዲያው ነው። ለጥቂት ሰዓት ጋብ ማለትን የውስጥ ሰላም አልለውም።

ወይራ፦ ሁለታችሁም ዛፉን ብቻ ነው የምታዩት። ጣና ዳር ያሉት የዘጌ ገዳማት በቡናና በአገር በቀል ዛፍ የተከበቡ ናቸው። መነኩሴው ግን ጫካ ስለገባ ብቻ አያርፍም፤ የጸሎት ሰዓት፣ ጾም፣ የእጅ ሥራ አለው። አባቶች በጸጥታ ውስጥ ፈተና እንደሚበረታ ያስተምራሉ። ሥርዓት የሌለው ጸጥታ ለተጨነቀ ሰው ሐሳቡን ያጎላበታል።

ዝግባ፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ፤ አወጣጡ ይወስናል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ፈጥኖ የሚወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ጭንቀት ያለበት ሰው ይህን ጭንቀቱ የተነሣበት መስሎት ደንግጦ ይመለሳል። ስለዚህ እያወሩ መራመድ በሚቻልበት ፍጥነት፣ በየ10 ደቂቃው ቆም እያሉ። ስልኩ ይጠፋል። ከዚያ 20 ደቂቃ ተቀምጦ የሚሰማውን ድምፅ አንድ በአንድ መለየት፤ ወፉን፣ ቅጠሉን፣ የሩቁን መኪና። ብቻን አለመሄድ ደግሞ ዋና ነው፤ የፈራ ጆሮ ኮሽታ ሲጠብቅ ይውላልና አካል አያርፍም።

ኮሶ፦ እንዲህ ከሆነ ይጠቅማል፣ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን አለቅም፦ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ፣ ከሚወዱት ነገር መራቁ ሁለት ሳምንት ካለፈው ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። እንዲህ ያለውን ሰው «ወጣ ብለህ ንፋስ ተቀበል» ብሎ መሸኘት ሕክምናውን ያዘገይበታል።

ወይራ፦ ሐኪም ጋ የሚያደርሰውም፣ እንጦጦ የሚያወጣውም አንድ ጓደኛ ሊሆን ይችላል እኮ። ማክሰኞ ቀጠሮው፣ ቅዳሜ ጫካው።