ካርታዬ ላይ ያለው ድንበር አልጠፋ አለኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ ጂኦሎጂ እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ዩራኒየም ፍለጋ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ባስለቀመው የወንዝ ደለልና የከርሰ ምድር ውኃ ናሙና ላይ ነው። ሥራውን አራት ላቦች ተከፋፍለውታል፤ ሎስ አላሞስ፣ ኦክ ሪጅ፣ ሊቨርሞርና ሳቫና ሪቨር።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የሁለት ላቦች ክልል ሲገናኝ የዩራኒየም መጠን ካርታዬ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ድንጋዩ እኮ ያው ግራናይት ነው! ደለሉ የተነፋበት ወንፊት ይሆን ወይስ የመለኪያ ዘዴው? የእያንዳንዱን ላብ ውጤት ለራሱ ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ ለሚውለው ቁጥር) አካፈልኩት። ድንበሩ ጠፋ፤ ግራናይቱ ላይ የነበረው እውነተኛ ከፍተኛ የዩራኒየም መጠንም አብሮ ሟሟ።

የውኃው ውጤት ውስጥ ደግሞ ኔጌቲቭ ቁጥሮች አሉ። ከመለኪያው አቅም በታች ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። መለኪያው ሊለካ ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን በግማሹ ልተካቸው ወይስ ሌላ መላ አለ? የሞከራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ጠቁሙኝ።