ክርክር፦ በ40 ደቂቃ ውስጥ ለተማሪ ጥያቄ ጊዜ ይሰጥ ወይስ ምዕራፉ ይጨረስ?

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ማርቆስ)
ብዙ ልጅ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ ሸምድዷል። ደብረ ማርቆስ ግን ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ እናቱ የጣደችው ባቄላም በዚሁ ምክንያት ይዘገያል። ልጁ ግን 100 ብሎ ጽፎ ነጥቡን ያገኛል፣ ለምን ብሎም አይጠይቅም። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ይገምቱ፣ ግምታቸው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ይለካ። ውሃው ሞቆ ከገባ 15 ደቂቃ ይበቃል።

የሒሳብ መምህር (ቡሬ)
አልስማማም። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። 60 ልጅ አንድ አንድ ደቂቃ ቢጠይቅ ክፍለ ጊዜው አልቆ 20 ደቂቃ ዕዳ ይገባል። ያልተሸፈነው ምዕራፍ ደግሞ ከፈተናው አይቀርም።

የባዮሎጂ መምህርት (ዳንግላ)
ጥያቄው በቃል ብቻ ከሆነ ስሌትዎ ልክ ነው፤ በጽሑፍ ይሁን። አንድ የደብተር ቅጠል ለአራት ሲቀደድ 15 ቅጠል ለ60 ልጅ ይደርሳል። በመጨረሻዎቹ 3 ደቂቃዎች፣ ያለ ስም ይጻፍ። መጽሐፉ የሚመልሰውን ገጽ መጠቆም ብቻ ነው። ከቀረው፣ ተለክቶ ወይም ታይቶ የሚመለሰውን ሁለት መርጦ ለነገ መግቢያ ማድረግ ነው፤ ከ5 ደቂቃ አያልፍም።
ነገሩ የሚበላሸው ወረቀቱ ተሰብስቦ መልስ ሲያጣ ነው። ሁለት ሳምንት ዝም ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ባዶ ወረቀት ነው። ከዚያም የከፋው መምህሩ አንዱን ለማሳቂያ ሲያነብ ነው፤ እጃቸውን አውጥተው የማያውቁት የኋላ ወንበር ልጆች ወዲያው ይተዉታል። ወረቀቱ የታሰበው ደግሞ ለእነሱ ነበር!

የሒሳብ መምህር (ቡሬ)
ይሁን። ግን «ጥያቄ አላችሁ?» ሲባል ክፍሉ ጭጭ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ምን ይጽፋል?

የአማርኛ መምህር (ቢቸና)
የስመ ጥሮቹ የቅኔ ትምህርት ቤቶች፣ የዋሸራና የዲማ አገር ላይ ተቀምጦ ልጁ ከሽምደዳ ሌላ አያውቅም ማለት ይከብደኛል። የቅኔ ተማሪ ገና ከጉባኤ ቃና፣ ከባለ ሁለት ስንኙ ቅኔ ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል፣ ማለትም ራሱ ይደርሳል፤ የሌላውን ቢያመጣ አይቆጠርለትም። ግን ጥግ ይዞ የሚቆጥርበት ጊዜ አለው፣ ለመምህሩ ሲነግርም እዚያው ይታረምለታል። እኛ ለማሰቢያ ምን ያህል እንሰጣለን? ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የሳይንስ ክፍሎችን ድምፅ ቀድታ ስትለካ፣ መምህሩ ጠይቆ የሚጠብቀው በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። ወደ 3 ሰከንድ ሲረዝም መልሱም ረዘመ፣ ተማሪዎቹም ይበልጥ ጠየቁ። ስለዚህ «ጥያቄ አላችሁ?» ይቅርና «ያልተዋጠላችሁ የቱ መስመር ነው?» ብለው በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ቶሎ ብለው አይሙሉት።

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ፍኖተ ሰላም)
ስለ ቴርሞሜትሩ ልጨምር፣ ልኬቱ ከተሳሳተ የልጁ እምነትም ይሄዳልና። ጫፉ የዕቃውን ወለል ከነካ ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ውሃው ውስጥ ይቆይ። የሐኪሙን አትጠቀሙ፤ 42 ላይ ስለሚያበቃ ይሰበራል። እስከ 110 የሚያነብ ይሁን፣ አስቀድሞም በሚቀልጥ በረዶ 0 ማሳየቱ ይታይ። እኛ ዝቅ ስለምንል 94 ገደማ ነው የምናገኘው።

የሒሳብ መምህር (ቡሬ)
ለ9ኛና ለ10ኛ ተቀብያለሁ፤ ወረቀቱንም ልኬቱንም። ለ12ኛ ሁለተኛ መንፈቅ ግን አሁንም አልቀበልም። ያኔ ልጁ የሚያስፈልገው የፈተና ጥያቄ መሥራት ነው።

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ማርቆስ)
በ12ኛው ላይ አልተግባባንም፤ ይቆየን። የ9ኛዎቹን ግን እንጀምር፦ ደብረ ማርቆስ 92፣ ፍኖተ ሰላም 94 ከሆነ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ ድልድዩ አጠገብ የተጣደ ውሃ ስንት ላይ ይፈላል? ቁጥሩን ሳንነግራቸው ይገምቱ።