የጎርፍ ድጋፍ ዝርዝሩን እንዴት ላግኝ?

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አባቴ ግን ከጣና ምሥራቅ ዳር፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ሩዝ ያመርታል። ባለፈው ነሐሴ ጉማራ ሞልቶ ወጣና 3 ቃዳ መሬት ላይ የዘራነውን ኤክስ ጅግና የሚባል የሩዝ ዝርያ ደለል አለበሰው። ውኃው ሲሸሽ አብሬው ሄጄ አየሁት። ቡቃያው ጭቃ ውስጥ ተኝቷል፤ ሲጎትቱት ሥሩ ጠቁሮ ይወጣል። አባቴ አንድ እፍኝ ይዞ ዝም ብሎ ቆመ።

ኮሚቴ መጥቶ መዘገበ። የይዞታ ደብተሩን ቁጥር ጻፉ፤ አስፈረሙት። ጥር ላይ ለተጎጂዎች ገንዘብ ተከፈለ ተባለ። የአባቴ ስም ግን የለም አሉን። ማን ስንት እንደወሰደ የሚያሳይ ዝርዝር የትም አልተለጠፈም። ቀበሌው "ወረዳ ጠይቅ" ይላል፤ ወረዳው መልሶ ወደ ቀበሌ። 3 ጊዜ ተመላለስኩ። የሚያንገበግበኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤት መጠራጠር ጀምሯል። ዝርዝሩ ቢለጠፍ እኮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነበር።

መረጃ የማግኘት መብት ያለበት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ካልመለሰ እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ አቤት ማለት ይቻላል፤ ተቋሙ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ስለዚህ በጽሑፍ አመለከትኩ። ማመልከቻውን ተቀበሉኝ፤ ቅጂዬ ላይ ግን ማኅተም አንመታም አሉ። ይኸው 41 ቀን ሆነው። በእጄ ያለው ያ ቅጂና በምዝገባው ቀን ያነሳሁት ፎቶ ነው።

ማኅተም የሌለው ቅጂ ይዤ፣ 30 ቀኑ ማለፉን ለእንባ ጠባቂ በምን ላስረዳ?