የእናቴን ፓስፖርት ላሳድስ ብዬ ለማላውቀው ሰው ከፈልኩ፤ አሁን ምን ላድርግ?

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አፍሬ ነው የምጽፈው፤ እባካችሁ አትሳቁብኝ።

እህቴ አሜሪካ ልትወልድ ነው። እናቴ ሄጄ ላርሳት ብላለች። ፓስፖርቷ ግን ጊዜው ሊያልቅ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ፒያሳ አንዲት ኢንተርኔት ቤት ነበረች። ልጁ ሁሉንም ሞልቶ፣ አትሞ ይሰጠን ነበር። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ የት እንደገባ አላውቅም። እናም «ምን ይከብዳል፣ ራሴ እሞላዋለሁ» አልኩ። በስልኬ ጎግል ላይ ፈለግሁና መጀመሪያ የመጣውን ነካሁ። ባንዲራው አለ፣ የፓስፖርት ፎቶ አለ፣ አማርኛውም ደህና ነው። የእናቴን ስም፣ የትውልድ ቀኗን፣ የፓስፖርቷን ፎቶ ሁሉ አስገባሁ። መጨረሻ ላይ «የምዝገባ ክፍያ 1,800 ብር» አለኝ። በቴሌብር ላክሁ። ከመላኬ በፊት የመጣው ስም የግለሰብ ስም ነበር። አይቼዋለሁ እኮ! «ገንዘብ ያዧ ትሆናለች» ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ አንድ ሰው በቴሌግራም «ቀጠሮው እንዲፈጥን 3,500 ይጨምሩ» አለኝ። ያኔ ነው የባነንኩት።

ብሩ ይመለሳል ወይ? ትክክለኛውን ገጽ በምን አውቃለሁ? ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናቴ ፓስፖርት ፎቶ እነሱ ጋ መቅረቱ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባንክ ቤት ነኝ፦

እህቴ፣ አትፈሪ፤ ግን ፍጠኚ። ብር ስትልኪ የመጣልሽን የማረጋገጫ መልእክት አታጥፊው። የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። አሁኑኑ 127 ደውለሽ ለቴሌብር አመልክቺ። ከንግድ ባንክ ሒሳብ የላከ ሰው ቢሆን ደግሞ 951 ነው የሚደውለው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ብሩ ከተላከበት ሒሳብ ካልወጣ ተስፋ አለው። ከወጣ ግን ከባድ ነው። በራስሽ እጅ፣ በራስሽ የሚስጥር ቁጥር የላክሽው ስለሆነ ማንም ተነስቶ አይመልስልሽም። ለዚህ ነው ፖሊስ ጋ መሄድ ያለብሽ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለልን ይቀጣል። የገጹን ፎቶ፣ የቴሌግራሙን ጽሑፍ፣ የክፍያውን መልእክት አትመሽ ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። እነዚህ ሰዎች ተመልሰው ይደውላሉ። «ብርዎን ልንመልስልዎ ነው፣ ስልክዎ ላይ የመጣውን ቁጥር ይንገሩን» ይላሉ። ባንክ ውስጥ ስሠራ ብዙ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛው ስልክ ነው።

ሶፍትዌር ሠሪው፦

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ሥራዬም ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

ጎግል ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ነገር ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ከላዩ በትንንሽ ፊደል «ስፖንሰርድ» የሚል ተጽፎበታል። ማንም ከፍሎ እዚያ መቀመጥ ይችላል። ከላይ ስለመጣ ትክክለኛ ነው ማለት አይደለም።

ባንዲራውንና አርማውን እርሺው። እሱን ከመንግሥት ገጽ ላይ ቀድቶ መለጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አንዳንድ ስልክ ላይ ከአድራሻው ጎን የምትታየው የቁልፍ ምልክትም አታጽናናሽ። ቁልፏ የምትነግርሽ አንቺ የጻፍሽውን መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንደማያነበው ብቻ ነው። የምትጽፊለት ሰው ሌባ ይሁን አይሁን አትነግርሽም። ለማንም በነፃ ትሰጣለች።

መታየት ያለበት አድራሻው ነው። አድራሻ ደግሞ የሚነበበው ከኋላ ነው። ስልክ ላይ ሙሉው ስለማይታይ ነካ አድርጊውና ዘርግተሽ እዪው። መጀመሪያ ላይ ከ«ኤችቲቲፒኤስ» ቀጥለው ያሉትን ሁለቱን እዝባሮች (//) ተያቸውና ከእነሱ በኋላ የመጀመሪያዋን እዝባር (/) ፈልጊ። የገጹን ባለቤት የሚነግሩሽ ከእሷ በፊት በመጨረሻ ያሉት ቃላት ናቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በ«ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» ያልቃል። አጭበርባሪው ምን ያደርጋል መሰለሽ? «ጎቭ» እና «ኢቲ» የሚሉትን ቃላት መሃል ላይ ይከታቸውና መጨረሻውን «ዶት ኮም» ያደርገዋል። ወይም በነጥብ ፋንታ ሰረዝ ያስገባል። ዓይን በችኮላ ሲያየው ያው ነው።

«ዶት ኮም ዶት ኢቲ» የሚለውም የአገር ውስጥ ስለሆነ ያታልላል። እሱ የንግድ ድርጅት ነው፤ መንግሥት አይደለም። እዚህ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ። ፋይዳ፣ ብሔራዊ መታወቂያው ማለቴ ነው፣ «ኢዲ ዶት ኢቲ» የሚል አድራሻ አለው፤ «ጎቭ» የሚል የለበትም፣ ግን ትክክለኛ ነው። ስለዚህ «ጎቭ» ካላየሁ ሁሉም ሌባ ነው ማለትም አይቻልም። እኔ ግራ ሲገባኝ ከመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወይም ከሰጡኝ ወረቀት ላይ አድራሻውን ገልብጬ በእጄ እጽፋለሁ። ቴሌግራም ላይ የተላከልኝን ሊንክ አልነካም፤ አክስቴ ብትልከውም። (አክስቴ በሳምንት ሦስት ትልካለች።)

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሰው በእግሩ ሄዶ ተሰልፎ ጉዳዩን ይጨርስ ነበር። በ1980ዎቹ ፓስፖርት ሳወጣ ያየሁት ሰው ሁሉ ፊት ነበረው፤ ቢያታልለኝ እንኳ ማን እንዳታለለኝ አውቃለሁ።

ሶፍትዌር ሠሪው፦

ጋሼ፣ ያኔም እኮ በር ላይ ደላላ ነበር ይባላል።

ጡረተኛው፦

ነበረ። እሱስ እውነት ነው። አንዱ የፎቶዬን ብር በልቶብኛል።

ኢንተርኔት ቤት፦

እኔ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ፎርም በመሙላት ነው የምተዳደረው፤ ስለዚህ ትንሽ ልከራከር። ሰው ፎርም ሞልቶ የድካሙን ቢያስከፍል ሌባ አይባልም። እኔ ቤት ዋጋው በር ላይ ተለጥፏል። የእኔ የሚከፈለው ለእኔ ነው፣ የመንግሥቱ ለመንግሥት። ደረሰኙም ሁለት ነው። ሌባው ሁለቱን ደባልቆ «የምዝገባ ክፍያ» የሚልሽ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ከገጹ ሥር፣ ማንም በማይደርስበት ቦታ፣ «እኛ የግል ድርጅት ነን» ብለው ይጽፋሉ። ስትከሻቸው ያቺን ያሳዩሻል።

ትክክለኛው አካሄድ እንዲህ ነው። በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ገጽ ላይ ትሞያለሽ፣ ሰነድ ታስገቢያለሽ፣ ቀጠሮ ትመርጫለሽ። ከዚያ የክፍያ ኮድ ይሰጥሻል። ኮዱን ይዘሽ በቴሌብር ወይም በባንክ ትከፍያለሽ። የግለሰብ ስልክ ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም! ኮዱን ስታስገቢ የሚመጣው ስም የተቋሙ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ለአንድ ደንበኛ መደበኛውን እድሳት የከፈልኩት 5,000 ብር ነበር፤ አስቸኳይ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዋጋ ስለሚቀያየር በዚያው ገጽ ላይ አይተሽ አረጋግጪ። እንግዲህ አስቢው፤ አንድ ሰው መደበኛውን በ1,800 ልጨርስልሽ ካለ ገና መጀመሪያውኑ አይገባም።

ሰው እንደኔ ያለው ጋ የሚመጣው ለምን እንደሆነም ልንገርሽ። የትውልድ ቀን ነው የሚያምታታው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ግድም የተወለደ ሰው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር 7 ዓመት ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8። ቀኑና ወሩም ይቀየራል። እናትሽ ግን አሮጌ ፓስፖርት ስላላት ማስላት አያስፈልግሽም። እሱ ላይ ያለውን ቀንና የስሟን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ገልብጪ። አንዲት «ኢ» ብትጎድል ቀጠሮው ላይ ታስቸግርሻለች። ይህን ካወቅሽ እኔም አላስፈልግሽም።

ወንድሜ አሜሪካ ነው፦

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። ወንድሜ ሜሪላንድ ነው ያለው፣ ዜግነት ወስዷል። የአሜሪካ ፓስፖርቱን ሲያሳድስ ያው ጎግል ላይ መጀመሪያ የመጣውን ነክቶ፣ ቅጹን «ለማዘጋጀት» ብቻ 60 ዶላር አስከፈሉት። ቅጹ እኮ ነፃ ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ገጽ በ«ዶት ጎቭ» ያልቃል፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ እድሳቱን ራሱ በኢንተርኔት ይቀበላል። የአዋቂ ፓስፖርት ደብተር እድሳት 130 ዶላር ነው። የከፈለው 60ው ለማን እንደሆነ እስከዛሬ አልገባውም።

ዲቪም ላይ ያው ነው። እዚህ ስንቱ ሰው «አሸንፈዋል» የሚል ኢሜይል ደርሶት ብር ልኳል! አሜሪካኖቹ ግን ለአሸናፊ ኢሜይል አይልኩም። ራስህ ስትሞላ የተሰጠህን የማረጋገጫ ቁጥር ይዘህ ገጻቸው ላይ ገብተህ ነው የምታየው። ሰው የሞላልህ ከሆነ ያንን ቁጥር እሱ ይዞ ያስቀረዋል፤ ሲደርስህ ይደራደርሃል። ስለዚህ በሰው የምታስሞሉ ቁጥሩን ሳትቀበሉ ከወንበሩ አትነሱ።

እናትሽ ቪዛ ስትጠይቅም ያው ጥንቃቄ ይኑርሽ። «ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለን» የሚሉ ይመጣሉ።

ሶፍትዌር ሠሪው፦

ስለ ፓስፖርቱ ፎቶ ረስቼው። አንዴ የሄደን ፎቶ መመለስ አይቻልም፤ እሱን አልዋሽሽም። ግን አዲሱ ፓስፖርት ሲወጣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ አሮጌውም ይሰረዛል። ስለዚህ የፓስፖርት ቁጥሩ ብዙ አይጠቅማቸውም። የሚቀረው ስሟና የትውልድ ቀኗ ነው። በእሱ ሊያደርጉ የሚችሉት ለእናትሽ ደውለው «ከኢሚግሬሽን ነው፣ ወይዘሮ እገሊት ነዎት?» ማለት ነው። ስሟንና ልደቷን ሲነግሯት ታምናለች። አሁኑኑ ቁጭ ብለሽ ንገሪያት። ማንም ቢደውል «ልጄን አናግሩ» ትበል። ለሳይበር ጥቆማ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር 933 የሚል ነፃ መስመር አለው፤ የገጹን አድራሻ ለእነሱም ስጪ። ጎግል ላይም ማስታወቂያውን መጠቆም ይቻላል። ከአጠገቡ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪ።

የካዛንቺስ እናት፦

የእኔ ልጅ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ጎረቤቴ የተማረች፣ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት ናት፤ እሷም ከፍላለች። ግን ለማንም አትናገርም። በሚስጥር ነው የነገረችኝ። እንዲህ ስንደባበቅ ነው እነሱ የሚበሉት።

የአራት ኪሎዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 127 ደወልኩ፣ መዝግበውልኛል። ብሩ እንደሚመለስ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ተስፋ ቆርጬለታለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ሁሉንም አትሜ ሰጠሁ። ከእማማ ጋር ቁጭ ብለን፣ አድራሻውን ራሴ በእጄ ጽፌ፣ ዛሬ ትክክለኛው ላይ ሞላን። ኮዱን ሳስገባ የመጣው የተቋሙ ስም ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ለእማማም ነገርኳት። ትናንት ማታ በእውነት አንድ ሰው ደወለ። «ከኢሚግሬሽን ነው» አላት። እሷ ደግሞ «እሺ ልጄ፣ ነገ ራሴ መጥቼ አገኝሃለሁ፣ ቢሮህ ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለችው። ዘጋው።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። በቀጠሮው ቀን ምን ምን ይዛ ትሂድ?

ኢንተርኔት ቤት፦

እናትሽስ ጎበዝ ናቸው! ያተማችሁትን የማመልከቻ ወረቀት፣ የክፍያ ማረጋገጫውን፣ አሮጌውን ፓስፖርትና መታወቂያቸውን ይያዙ። የሁሉንም ፎቶ ኮፒ ከሰፈር አስነሺ፤ እዚህ ጥቁር አንበሳ ጠዋት ጠዋት ወረፋው ያማርራል። እኔው ነኝ የምልሽ።