«አማልክት ናት» ይባላል ወይ? (ከቻይና ድራማ የሰማሁት)

ወለተ ንባብ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ከእናቴ ጋር አንድ የቻይና ተከታታይ ድራማ እያየን ነው። የጥንቱ ተረት ሰዎች በዛሬ ከተማ ቤት ተከራይተው፣ አውቶቡስ እየተጋፉ ይኖራሉ። በተረቱ መድኃኒት ጠጥታ ወደ ጨረቃ የበረረችው ሴት ቻንግኧ ናት፤ ጎረቤቷ ማንነቷን ሲደርስበት፣ የአማርኛው ጽሑፍ «ይቺ ልጅ አማልክት ናት!» ይላል። እሷም «አማልክት አይደለሁም፤ ሽየን ነኝ» ትለዋለች። አንዲትን ሴት «አማልክት ናት» ማለት ይቻላል? «ሽየን»ንስ ምን እንበለው? ተርጓሚው እንዳለ ትቶታል፤ እናቴ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ።

የዋሸራው፦ አይቻልም፣ ልጄ። አምላክ ነጠላ፣ አማልክት ብዙ ነው። ዳዊት «አንሰ እቤ አማልክት አንትሙ» ሲል ለብዙዎች ነው የተናገረው፤ «አንትሙ»ን ልብ በይ።

የብራና ልጅ፦ የኔታ፣ በግእዙ ልክ ነዎት። አማርኛ ግን የግእዙን ብዙ ወስዶ ነጠላ ማድረግ ልማዱ ነው። ሰማዕት የሰማዒ ብዙ ነው፤ ጸሓፊ ጸሓፍት እንዲል። እኛ ግን «ሰማዕቱ ጊዮርጊስ» እንላለን፤ ስንበዛም «ሰማዕታት» ብለን እንደገና እናበዛዋለን። አድባርንም እዩት፦ ደብር ተራራ፣ አድባር ተራሮች። አማርኛው ግን ዋርካዋን ብቻዋን «አድባር» ይላታል፤ የተከበረችም እናት «የቤታችን አድባር» ናት። ስለዚህ «አማልክት ናት» የሕዝብ አፍ ያጸናው እንጂ ስሕተት አይደለም።

የዋሸራው፦ ሰማዕትን ሊቃውንቱ ተቀብለው ጽፈውበታል። «አማልክት ናት»ን ማን ጻፈው? ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ስቀመጥ አንድም መምህር ሲለው አልሰማሁም። አፍ ያመጣው ሁሉ ቋንቋ አይሆንም።

ቤጂንግ የከረመ፦ ስለ ሽየን ልግባ። ቻይንኛው ሁለቱን ይለያል። «ሸን» የሚባለው አምላክ ወይም መንፈስ ነው። «ሽየን» ግን ሰው ሆኖ ተወልዶ፣ በምናኔ ወይም በመድኃኒት ሞትን ያመለጠ ነው። በዕለት ንግግር ሁለቱን አጣምረው «ሸንሽየን» ይላሉ፤ እሷ ለይታ መናገሯ ግን ሆን ብላ ነው፤ «እኔም እንደናንተ ሰው ነበርኩ» ማለቷ ነው። አጻጻፉም ደስ ይላል፦ ግራው የ«ሰው» ምልክት፣ ቀኙ የ«ተራራ»። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የቻይንኛ መዝገበ ቃላት «አርጅቶ የማይሞት» ይለውና፣ ቃሉን ወደ ተራራ ከመግባት ጋር ያያይዘዋል።

የብራና ልጅ፦ ሰውና ተራራ! ታዲያ ግእዙ ሰጥቶን የለም? ሰብአ ደብር!

የዋሸራው፦ ሰብእ የወል ነው፤ ለአንዲት ሴት ብእሲተ ደብር ይባላል። ግን ደብር ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ «የደብር ሴት» ብትዪ እናትሽ መነኩሲት ይመስላታል። ይልቅ መነነን አስቢ፤ ናቀ፣ ተወ ማለት ነው፤ መናኝ ከዚያ ይወጣል። ዓለምን ትቶ ተራራ የገባ መናኝ ነው። ከሰው ዓይን ከተሰወረ ደግሞ ስውር ይባላል። በዋልድባ ስውራን አሉ ሲባል ሰምተሽ አታውቂም?

ብርሃነ ሕሊና፦ እኔ ደግሞ ሽየንን ስሰማ ጽዮን ነው የመጣብኝ። ጽዮን ተራራ ናት፣ ይኸም የተራራ ሰው። ሥሩ አንድ ሳይሆን አይቀርም።

ቤጂንግ የከረመ፦ ወንድሜ፣ ያንኑ ምልክት የጓንግዶንግ ሰው «ሲን»፣ ጃፓናዊው «ሰን» ብሎ ያነበዋል። ከጽዮን ጋር የምናዛምደው የትኛውን ነው? በድምፅ መመሳሰል ብቻ ዘመድ አያደርግም።

ብርሃነ ሕሊና፦ የተራራውን ነገርስ ምን ትለዋለህ?

ቤጂንግ የከረመ፦ ተራራ ሁሉም አገር አለ። «ስውር»ን ግን እኔም እጠራጠራለሁ፣ የኔታ። ሄኖክ እግዚአብሔር ስለ ወሰደው ነው ያልተገኘ። ቻንግኧ ግን መድኃኒት ጠጥታ ነው። ባሏ ሆዪ ከአሥሩ ፀሐዮች ዘጠኙን በቀስት ከጣለ በኋላ፣ የማያስሞተውን መድኃኒት «የምዕራብ ንግሥት እናት» ከምትባል የተረት አምላክ ተቀበለ። በአንዱ ትረካ እሷ ሰርቃ ጠጣችው፤ በሌላው ሌባ እንዳይወስደው ስትል ዋጠችው። ስውር ስንላት ጽድቅ አናለብሳትም?

የዋሸራው፦ የሰረቀችው ከሆነ ስውር አልላትም። ለማዳን ብላ ከሆነ እላታለሁ። ድራማው የትኛውን ይዟል?

ወለተ ንባብ፦ ገና አልደረስንበትም፣ የኔታ።

የብራና ልጅ፦ እኔ ግን «አማልክት»ን አልለቅም። በስምንተኛው የጨረቃ ወር በ15ኛው ቀን ቤተሰብ ፍሬና ክብ ኬክ ለጨረቃ ያቀርብ የለም ወይ? መሥዋዕት ከቀረበ አምላክነት አለ።

ቤጂንግ የከረመ፦ እኔ በነበርኩበት ቤት ኬኩን ቆርሰን ራሳችን ነው የበላነው። በጥንቱ ልማድ ግን ለጨረቃ ይቀርብ እንደነበር አልክድም። ዛሬ ስሟ ከአምልኮ ውጭ ይኖራል። በ2019 እ.ኤ.አ. በጨረቃ ጀርባ መጀመሪያ ያረፈችው የቻይና መንኮራኩር ቻንግኧ 4 ትባላለች፤ ተሽከርካሪዋም በተረቱ ከቻንግኧ ጋር ጨረቃ ላይ በምትኖረው ጥንቸል ስም የጄድ ጥንቸል ሁለት ናት።

የዋሸራው፦ ልጄ፣ ከስሙ በፊት ግሡን አጥሪ። ጽሑፉ ስትነሣ ምን ይላል?

ወለተ ንባብ፦ «ወደ ጨረቃ ዐረገች» ይላል።

የዋሸራው፦ ይህን አስወጪው። ዐረገ ለጌታ ነው፤ ለእሷ በረረች ይበቃታል።

የብራና ልጅ፦ የኔታ፣ ዐረገ ወጣ ማለት አይደለም ወይ? ዕጣንም ያርጋል፤ ማዕረግም ከዚያው ነው።

ቤጂንግ የከረመ፦ ይህ ነገር አስደነቀኝ። ሽየን የሚጻፍበት አሮጌ ቅርጽ አለ፤ ተራራ የለውም። በሰው ምልክት አጠገብ የቆመው ክፍል «ወደ ላይ መውጣት» ማለት ነው።

ወለተ ንባብ፦ ታዲያ «ዐራጊት» ልበላት? እናቴ አንድ ቃል ነው የምትፈልገው።

የዋሸራው፦ አይሆንም፣ ልጄ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመለሳለሁ፤ ዐርገን ከነዘሩ እናየዋለን።